ለልጁ ብዬ ነው

አርባውን የተሻገረ ሰው እሑድ ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ብቻዬን እንጦጦ ወጥቼ ፈረስ ልጋልብ፣ በገመድ ልንሸራተት፣ ከዚያም ሣር ላይ ተቀምጬ የሰርከስ ልጆች ሲገለባበጡ እያየሁ ላጨብጭብ ነው» ቢል ቤተሰቡ እንጦጦ መሄዱን አይቃወምም። እንዲያውም ይዞት ይሄዳል። የሚወስደው ግን ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ፀበሉ ነው። ይኸው ሰውዬ የእህቱን የስድስት ዓመት ልጅ እጁን ይዞ ያንኑ ሁሉ ቢያደርግ ሰፈሩ ይመርቀዋል። «አጎት ማለት እንዲህ ነው! ልጁን አየር ያስነካል» ይባልለታል። ፈረሱ ያው ነው፣ ገመዱ ያው ነው፣ ሰውየውም ያው ነው። ፀበልና ምርቃትን የሚለያቸው አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ኮተቤ፣ ይህን ምሥጢር ሁሉም ያውቀዋል፤ ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም። ስኳር፣ መሰላልና የዳቦ ምጣድ እንደሚዋዋስ ጎረቤት ልጅም ይዋዋሳል። እሑድ ረፋድ ላይ በር ይንኳኳል። «ባቢ አለ? እስቲ ለዛሬ ስጡኝ፤ ትንሽ ላዝናናው» ይላል አንድ ገና ትዳር ያልያዘ የባንክ ሠራተኛ። የባቢ እናት ውስጥ ውስጡን እልል ትላለች። ልጁ እስኪመለስ ልብስ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ እግዜር ካለም ጋደም ትላለች። አፏ ግን «ኧረ ያስቸግርሃል!» እያለ ይግደረደራል። «ምንም አይል» ይላል ተዋሹ። እውነቱን ነው፤ ልጁ እሱን አያስቸግረውም፣ ልጁን የሚያስቸግረው እሱ ነው። ማታ ሲመለሱ ልጁ ትከሻ ላይ አንቀላፍቷል። የባንክ ሠራተኛው ግን ፊቱ ወዝቶ፣ የሱሪው ጉልበት የሣር ቀለም ይዞ፣ ዓይኑ እየበራ «በጣም ነው የተደሰተው!» ብሎ ያስረክባል። ማን እንደተደሰተ የሚጣራ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ያለ ምክንያት አይጫወትም። ምክንያት ካገኘ ደግሞ የሚያቆመው የለም። ጥር 12 ቀን የሚካኤል ታቦት ሲገባ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሰፈር ጎረምሳ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ በሆታ ሲዘል ታዩታላችሁ፤ ምክንያቱ ታቦቱ ነው። ሠርግ ላይ ወገባቸውን የሚያማቸው አዛውንት እስክስታ ይወርዳሉ፤ ምክንያታቸው ሙሽሮቹ ናቸው። ጃንሜዳ ላይ በገና ዕለት ጌታና ሎሌ ዱላ ይዘው አንዲት ሩር ሲያሳድዱ የዋሉት የገና ጨዋታ ላይ ጌታ አይቆጣም ስለተባለ ነው። ግን የጥምቀት ሆታ በዓመት አንዴ ነው፤ ሠርግ ጠሪ ይፈልጋል፤ ገናም አንድ ቀን ናት። ለተረፉት እሑዶች ሁሉ ምክንያት የሚሆነን ልጅ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። ዋልት ዲዝኒ የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ሰው ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ግሪፊዝ ፓርክ ይወስዳቸው ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲዞሩ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። እዚያ ወንበር ላይ ሳለ ነው ወላጅና ልጅ አብረው የሚዝናኑበት ቦታ መኖር አለበት የሚል ሐሳብ የመጣለት፤ ይህንንም በኋላ ራሱ ተናግሯል። እኔ ሲገባኝ ሰውየው ኦቾሎኒው ሰልችቶት የእንጨቱን ፈረስ ተመኝቷል፤ ያለ ሰበብ መውጣቱ ግን አሳፍሮታል። ያ ሐሳብ የወለደው ዲዝኒላንድ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1947 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ተመረቀ። እዚያ አባት ከወንበሩ የሚነሣበት ቦታ ተሠራ፤ እዚህ ደግሞ ከረባት አሥሮ የሚቀመጥበት።

ለነገሩ የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ራሱ ሥራውን የጀመረው በልጅ ሽፋን ነው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ በኋላም የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለ ተውኔት ጻፉ። መነሻው የፈረንሳዩ ላፎንቴን ተረቶች ናቸው። መድረክ ላይ እየወጡ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ ላይ ላዩን ሲታይ ልጅ ታቅፎ የሚታይ፣ ማንንም የማይነካ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ቴራስ ሆቴል ተሰብስበው ያዩት ልጆች አልነበሩም፤ መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። አውሬዎቹ ስለ ማን እንደሚያወሩ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ብዙ ሊቃውንት ስለ ዕገዳው ምክንያት ጽፈዋል፤ እኔ ግን አንዱን ጥፋት ማንም ያስተዋለው አይመስለኝም። ያን ቀን ከታዳሚው አንዱ እንኳ ልጅ ይዞ አልመጣም። አንድ አንድ ልጅ ይዘው መጥተው ቢሆን ኖሮ ሁሉም እንዳሻው ሥቆ «ለልጁ ብዬ ነው የገባሁት» እያለ በሰላም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ተምረናል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ የልጆች ተረት ይዘው ብቅ አሉ፤ ከአርባ ዓመት በላይም ከዚያ መስኮት አልጠፉም። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወቱ፣ ምትሃትም የሚያሳዩ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሰላምታ ሲሰጡ ልጆቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው ለሳጥኑ እጅ ይነሡ ነበር። አባቶች ደግሞ ከልጆቹ ጀርባ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ተረቱ እስኪያልቅ ያ ጋዜጣ አንድም ገጽ ሲገለጥ አይሰማም። ጅቡ አህያዋን ሊበላት ሲደርስ ግን ከጋዜጣው ወዲያ «ኧረ ሩጪ!» የሚል የወፈረ ድምፅ ይመጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ አሻንጉሊት ወደ ቴሌቪዥን ስታመጣም ነገሩ አልተለወጠም። እጅ መታጠብን ከዚያች የስድስት ዓመት ቀጭኔ የተማሩ፣ ግን እስከ ዛሬ ያላመኑ ጎልማሶችን አውቃለሁ።

ወደ እንጦጦ ልውሰዳችሁ። ተራራው ለትርኢት እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ዘውድ የጫኑት እዚያው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ትርኢት ተራራው ከዚያ በኋላም አላየም። ቤተ መንግሥቱ ፍልውሃውን ፍለጋ ወደ ታች ሲወርድ ብርዱ ብቻውን እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬም አለ። መስከረም 1 ቀን በራጉኤል ንግሥ ያቺን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም መገባደጃ ላይ የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ባሕር ዛፉ መሐል ፈረሱ፣ ብስክሌቱ፣ ጎ-ካርቱ፣ ፔይንት ቦሉ፣ ዚፕ ላይኑ፣ ካፌው ሁሉ መጣ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርስ ከፍታ ነው። ሯጮቻችን ሳንባቸውን የሚያሠለጥኑበት አየር ስለሆነ ለእኔ ብጤው ከመኪና ወርዶ በር መዝጋት ራሱ አንድ ስፖርት ነው።

በአንድ የፋሲካ ማግስት ቤተሰባችን ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ወጣ። እህቴ፣ ልጇ ባቢ፣ እናቴ፣ እኔ፣ እና የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ። ጋሼ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ ሣቃቸው በዋናም ሆነ በግልባጭ ፋይል ውስጥ አልተገኘም። ለመዝናናት የለበሱት ሙሉ ልብስ ነው፤ እጃቸው ላይ ዣንጥላ ነበረ፣ በጠራራ ፀሐይ። እናቴ ድፎ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ፣ ፔርሙስ ታቅፋ ገባች። ከመገናኛ እስከ ስድስት ኪሎ በሰላም ሄድን። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ እናቴ «ለአንድ ደቂቃ» ብላ ሾፌሩን አስቆመችና የጥበብ ቀሚስ ዋጋ ልትጠይቅ ወረደች። የማትገዛውን ቀሚስ ዋጋ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ አስቀንሳ፣ ሳትገዛ ተመለሰች። በዚያ ቀን ያየነው የመጀመሪያው ነጻ ትርኢት ያ ነበር።

ፈረሶቹ ጋ ስንደርስ ባቢ «እኔ! እኔ!» እያለ ይዘል ጀመር። ጋሼ ዣንጥላቸውን ዘርግተው አገዱት።

«ቆይ። የፈረስ ነገር አይታመንም። መጀመሪያ እኔ ልሞክረው፤ ለልጁ ብዬ ነው።»

ፈረሱን የያዘው ወጣት በቀይና በቢጫ ሱፍ ባጌጠ ልጓም ሳብ አድርጎ «ፋዘር፣ ይሄኮ በግ ነው፤ ሕፃን ሁሉ ይጋልበዋል» አላቸው። ጋሼ አልሰሙትም። እግራቸውን እርካቡ ላይ ሲያደርጉ የኮታቸው አንድ ቁልፍ ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ገባ። አንዴ ኮርቻው ላይ ከተደላደሉ በኋላ ግን የማናውቀው ሰው ሆኑ። ወገባቸው ቀጥ አለ፣ አገጫቸው ከፍ አለ፣ ዣንጥላው እጃቸው ላይ ዘንግ ሆነ። አባቶቻቸው ጃንሜዳ ጉግስ የተጫወቱበት ደም ባንዴ ተቀሰቀሰ መሰለኝ፣ ከዛፉ ሥር ቆሞ አይስክሬም የሚልስ አንድ ሰላማዊ ጎረምሳ ላይ ዣንጥላቸውን ሰብቀው አለፉ። አንድ ዙር ሆነ። «ኩርባው ላይ ፍጥነት ይጨምራል፤ እሱን ላጣራው» ብለው ሁለተኛውን ጀመሩ። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ ማብራሪያ አልሰጡም። ባቢ መሬት ላይ ተንከባሎ እያለቀሰ ነበር። ሲወርዱ አንሥተው ዓይኑን ጠረጉለትና «ደኅና ፈረስ ነው፤ አንተም ትንሽ ውጣ» አሉት።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ሣሩ ላይ ትርኢት ነበር። የሰርከስ ወጣቶች ምንጣፍ ዘርግተው፣ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ሕዝቡን በክብ አስቀምጠዋል። አገራችን በ1980ዎቹ በሰርከስ ኢትዮጵያ የጀመረችው ነገር ሥር ሰዶ፣ ዛሬ እንደ ፈካት ሰርከስ ያሉ ቡድኖች ሆስፒታል ድረስ ገብተው የታመሙ ሕፃናትን የሚያሥቁበት ደረጃ ደርሷል። በየዋናው ትርኢት ዳር ደግሞ ያው የማይቀር አይጥ አለ፤ ጆሮው ትልልቅ፣ ጓንቱ ነጭ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዝነኛ ዘመድ ያለው የሚመስል። ልጅ ባየ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ይመጣል፤ ልጁም እጁን ዘርግቶ ወደ እናቱ ይሸሻል። በዚያ ብርድ ላብ በላብ የሆነ ፍጡር እሱ ብቻ ነበር። ዛፍ ከለል አድርጎት ጭንቅላቱን አውልቆ ውኃ ሲጠጣ ባቢ አየው።

«እማዬ! አይጡ ሰው ውጧል!»

በዚህ ጊዜ ዙሪያው ያሉ ሕፃናት ሁሉ ዞረው ከአይጡ አንገት ብቅ ያለውን ወጣት አዩ። የተነሣውን ልቅሶ ድምፅ ማጉያውም አልቻለውም። ጭንቅላቱን ቶሎ ቢያጠልቅ ባሰ፤ ሰውየው ፈጽሞ ተዋጠ ተባለ። ነገሩን ያበረደችው እናቴ ናት። ፔርሙሷን ይዛ ሄደች፣ አይጡን ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው፣ በገዛ እጇ ጭንቅላቱን አንሥታ ሻይ ቀዳችለት። «ልጄ፣ ላብህን ሳታደርቅ ነፋስ ላይ አትቁም፤ ምች ይመታሃል» አለችው። ሕፃናቱ አይጡ ድፎ ዳቦ ሲበላ ካዩ በኋላ ሰው የመብላት ነገሩን ትተው ይቅርታ አደረጉለት።

መሐል ምንጣፉ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ በደረቷ ተኝታ እግሮቿን ከኋላ አምጥታ ከራሷ ፊት አቆመች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ ግን «በስመ አብ! ይቺ ልጅ እናት የላትም?» ብላ ተነሣች። ልታስቆማት መስሎን ደነገጥን። እሷ ግን መቀነቷን ፈትታ ሃምሳ ብር አወጣች። አዝማሪ ደስ ሲያሰኛት ግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ የለመደች ሴት ናት፤ የተካነ ሰው ያለ ሽልማት አያልፍም። ምንጣፉ ላይ ደርሳ ቆመች። እግሩ ባለበት ክንድ አለ፣ ክንዱ ባለበት ጀርባ አለ። ብሯን ይዛ አንዴ ዞረቻት፤ ግንባር አጣች። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ «የኔ ልጅ፣ ግንባርሽ በየት በኩል ነው?» ስትላት ልጅቷ በሣቅ ተፈታች። የምሥራቅ አፍሪካን መድረክ ሁሉ የዞረ አርቲስት እንኳ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አያገኝም። ያጨበጨብነው ግን ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ከዚያ አስተዋዋቂው ማይክሮፎን ይዞ «አሁን እንቆቅልሽ ነው፤ ለልጆች ብቻ!» አለ። ሁሉም ወላጅ ልጁን ከኋላው ይገፋ ጀመር። «ሂድ እንጂ! ቤት ውስጥ ስትዘል አልነበር?» ይባላል። ቤት ውስጥ ሶፋ ሰብሮ የሚውለው ጀግና ሁሉ እናቱ ነጠላ ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ባቢን ከፊታቸው አቁመው ትከሻውን ያዙት።

«እንቆቅልህ!» አለ አስተዋዋቂው።

«ምን አውቅልህ!» አለ የጋሼ ድምፅ፣ ብቻውን።

«ሲወጡት ያስለከልካል፣ ሲወርዱት ያስሮጣል። ምንድን ነው?»

ጋሼ በባቢ ጆሮ አንሾካሾኩ። ባቢ ደረቱን ነፍቶ «ድመት!» ብሎ ጮኸ። ሰው በሣቅ ሞተ። ጋሼ ብድግ አሉ። «ልጁ 'ዳገት' ነው ያለው! ድምፅ ማጉያችሁ ነው ያበላሸው!» አስተዋዋቂው እየሣቀ «አባቴ፣ አልተመለሰም፤ አገር ይስጡኝ» አላቸው። ጋሼ ትንሽ አመነቱ። አገር የመስጠት ሥልጣን ጡረታ ሲወጡ ያስረከቡ ይመስል ግራ ቀኝ አዩና «በል ደብረ ብርሃንን ወስደሃል፤ ብርዱን ግን ትችለዋለህ ወይ?» አሉት። አስተዋዋቂው ቀይ ፊኛ ሰጠን። ፊኛውን የባቢ እጅ ላይ ያየው ግን የለም፤ እስከ ማታ ከኮታቸው ቁልፍ ቀዳዳ ላይ ታስሮ ከጋሼ አናት በላይ ይንሳፈፍ ነበር። «ልጁ እንዳይጠፋብን ምልክት ይሆናል፤ ለልጁ ብዬ ነው» አሉን።

መጨረሻ የደረስነው ገመዱ ጋ ነው። ሰው ወገቡን ታጥቆ፣ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከዛፍ በላይ እየጮኸ ይሄዳል። መግቢያው ላይ ቁመት የሚለካ እንጨት ቆሟል፤ ምልክቱ 1 ሜትር ከ40 ላይ ነው። ባቢን አስጠግተው ለኩት፤ አንድ ስንዝር ጎደለው። ጋሼ የልጁን ጫማ አዩ፣ ጸጉሩን ወደ ላይ አበጠሩ፣ «ተረከዙን ከፍ ቢያደርግስ?» ብለው ጠየቁ። ተቆጣጣሪው ትሑት ልጅ ነበር። «ልጁ አይችልም፤ እርስዎ ግን ከፈለጉ ይቻላል፣ ይግቡ» አላቸው።

ጋሼ ገመዱን ቀና ብለው አዩት። እኔም አየኋቸው። አፋቸው ከፈት አለ፣ ተከደነ። «ብቻዬን?» አሉ። ከዚያ ዣንጥላቸውን አነሡና «ለማን ብዬ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

እናቴ ግን ገመዱን ስትመለከት ቆየች። እሷና ጋሼ ያደጉት ከዚሁ ተራራ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። እናታቸው ቶሎ ሞታለች። እናቴ በልጅነቷ ይህችን ዳገት የምታውቀው የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅማ፣ ጭራሮ አሥራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ስትወርዳት ነው፤ ወንድሟን ያስተማረችው በዚያ ቅጠል ነው። የእንጦጦ ሴቶች ጎብጠው ሲወርዱ ያየ ያውቃል፤ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል።

«ይህ ገመድ ያን ጊዜ ቢኖር» አለች እናቴ፣ «ቅጠሉን በሱ እሰደው ነበር። እኔ ባዶ እጄን እየዘፈንኩ እወርዳለሁ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጋሼ በማይሰሙበት፣ «ተወው፣ ይጫወት» አለችኝ። «እሱ መቼ ተጫውቶ ያውቃል? በሰባት ዓመቱ ነው ትልቅ ሰው የሆነው። እኔ ቅጠል ላይ፣ እሱ ደብተር ላይ፤ ሁለታችንም ቀና አላልንም።»

ሰዎች ልጅ ይዘው ሲጫወቱ ሳይ መሣቄን አልተውኩም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሣቄ ውስጥ ንቀት የለም። ልጅነቱን በሙሉ ሳይጠቀምበት የቀረ ሰው ብዙ ነው። የተረፈውን ደግሞ ማንም አምጥቶ አይመልስለትም፤ በራሱ ስም ሄዶ መጠየቅም ያሳፍረዋል። ስለዚህ በሕፃን ስም ይጠይቃል። ዕዳው ለባቢ ይጻፋል፣ የሚበላው ግን ጋሼ ነው። ባቢም ከዚህ ንግድ አልከሰረም፤ ከልቡ አብሮት የሚጮኽ፣ ለፊኛ የሚጣላለት፣ ደብረ ብርሃንን ያህል አገር የሚከፍልለት ትልቅ ሰው ስንት ልጅ አለው? የዕድሜ እኩዮቹ ዳር ቆሞ ሰዓቱን ከሚያይ ወላጅ ጋር ነው የሚውሉት። ለቤተሰብ የሚሆን ትርኢት ማለት አንዱ ሲያይ ሌላው ቦርሳ የሚጠብቅበት አይደለም።

ጋሼ ግን ያን ስንዝር አልረሱትም። በየሳምንቱ ወተት ይዘው ይመጡ ጀመር። ልጁን በር መቃን ላይ እያስጠጉ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፤ የእህቴ ግድግዳ የመሥሪያ ቤት የሥራ አፈጻጸም ሠንጠረዥ መሰለ። ዓመታት አለፉ፣ ባቢም እንደ ሸንበቆ ተመዘዘ። ምልክቱን ያለፈ ዕለት ጋሼ አዲስ የስፖርት ጫማ ገዝተው መጡ። ቁጥሩ የራሳቸው ነበር።

«ባቢ፣ ቅዳሜ እንጦጦ!»

ባቢ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «አይ ጋሼ፣ ቅዳሜ ከክፍል ልጆች ጋር ኳስ አለን» አለ። ትንሽ አሰበና በአዘኔታ ጨመረበት፤ «ደግሞ እኔ አሁን ትልቅ ነኝ።»

ጋሼ ያን ቀን ቡናውን ሳይጨርሱ ወጡ። «ልጁን ምን ነካው? ያለ ዕድሜው አረጀኮ» እያሉ። የስፖርት ጫማው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። እኛ ብዙ መከርናቸው። ብቻዎን ቢሄዱስ አልናቸው፤ ፀበል ልትወስዱኝ ነው ወይ የሚል ዓይን አሳዩን። የጎረቤት ልጅ ይዋሱ አልናቸው፤ የባንክ ሠራተኛው እስከ ሰኔ ድረስ ሁሉንም ይዞታል።

በዚህ መሐል እህቴ ሁለተኛዋን ወለደች። ገንፎ ልንበላ የተሰበሰብን ዕለት ሴቶቹ እልል ብለው ልጅቷ ማንን እንደምትመስል ይከራከራሉ፤ እናቴ ቅቤና በርበሬውን ታስተካክላለች። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ አልጋው ጠጋ አሉ፣ ጥቅሏን ከእግር እስከ ራስ በጥንቃቄ አዩአት፣ መረቁ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩ።

«ሲለኳት ቁመቷ ስንት ነው አሉሽ?»

«ሃምሳ ሴንቲ፣ ጋሼ።»

ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ መዳፋቸው ላይ አንድ ነገር ቀንሰው ጻፉ፣ ፊታቸው በራ።

«ዘጠና ሴንቲ ብቻ ቀረን!» አሉ።